እስከ ውሃው ድረስ

ባርሴሎና ስላችሁ ቀድሞ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? ወጣቶቹ ኳስ እንደምትሉ ይገባኛል። የእኔ ዘመን ሰዎች ግን ደራርቱ ቱሉን ነው የምታስታውሱት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. የአሥር ሺህ ሜትሩን ወርቅ ወስዳ፣ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤለና ሜየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ስታዲየሙን ሲዞሩ። ያን ምሽት ያልጮኸ ማን አለ?

ከዚያ ሁለት ሳምንት ግድም ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 18 ማታ፣ በዚያው ስታዲየም አንድ ቀስተኛ ቆሞ ነበር። የፍላጻውን ጫፍ ከችቦው ለኮሰ፣ ወደ ላይ አነጣጠረ፣ ለቀቀው። እሳቱ ጨለማውን ሰንጥቆ ማማው ጋ ሲደርስ የኦሎምፒኩ ነበልባል ቦግ አለ። ይህን በቴሌቪዥን ያየ ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ቀስተኛው አንቶኒዮ ሬቦሎ ግን ገና ጨቅላ ሳለ ፖሊዮ የያዘው፣ የፓራሊምፒክ ተወዳዳሪ መሆኑን ስንቱ ልብ ብሏል? እኔ ራሴ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ከንፈር የሚመጥለት ሰው አልነበረም፤ ሁሉም እስትንፋሱን ይዞ የሚያየው ፍላጻዋን ነበር።

ፓራሊምፒኩም በዚያችው ከተማ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 4፣ እኛ እንቁጣጣሽ በምንልበት ሰሞን፣ ተካሄደ። ባርሴሎና እስከዚያ ዘመን ድረስ ጀርባዋን ለባሕሩ የሰጠች ከተማ ነበረች። የውሃው ዳር በፋብሪካና በባቡር ሐዲድ የተያዘ ነበር። ለውድድሩ ሲባል ሐዲዱ ተነሣ፣ ፋብሪካው ፈረሰ፣ አሸዋ ተጋዘ። ዛሬ ቱሪስቱ ተዘርሮ ፀሐይ የሚሞቅበት ያ ዳርቻ በአብዛኛው የሰው እጅ ሥራ ነው። ደግነቱ፣ እንደ አዲስ የሚሠራ ነገር ዊልቸርን ከመጀመሪያው አስቦ ለመሥራት ይመቻል። ሁልጊዜ ይታሰባል ማለቴ ግን አይደለም።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ የአንዲት ጓደኛዬ ስልክ ነው። ጀርመን አገር ነው የምትኖረው። በልጅነቷ በፖሊዮ ምክንያት እግሮቿ ስለተጎዱ በዊልቸር ነው የምትሄደው። በበጋው ዕረፍቷ ባርሴሎና ሄዳ ነበር። «እንዴት ነበር?» ብላት ስለ ባሕሩ ትነግረኛለች ብዬ ስጠብቅ በበር ጀመረች።

«የዊልቸሬ ስፋት 64 ሴንቲ ነው፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር 60» አለችኝ።

ሆቴሉ «ለአካል ጉዳተኛ የተመቸ» ብሎ አስተዋውቋል። መግቢያው ላይ ራምፕ አለው፣ ሊፍት አለው። በአራት ሴንቲ ምክንያት ግን ሁለት ሌሊት ፊቷን የታጠበችው በሳህን ነው። በሦስተኛው ቀን ሌላ ሆቴል ገባች። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ከመክፈሏ በፊት ደውላ የበሩን ስፋት በቁጥር ትጠይቃለች፤ የመታጠቢያ ቤቱንም ፎቶ ላኩልኝ ትላለች። «ይመቻል» የሚለውን ቃል ማመን ትታለች። እውነቷን ነው፤ ለማን ይመቻል?

አውቶቡሱን ግን አመሰገነች። በሩ ሲከፈት ከወለሉ ሥር ራምፕ ተስቦ ይወጣል፤ ገብታ ቦታዋን ትይዛለች። ከመሬት በታች ባለው ባቡር በኩል ሊፍት የሌላቸው አሮጌ ጣቢያዎች ስላሉ፣ ማታ ማታ ካርታውን ዘርግታ የነገን መንገድ ትመርጥ ነበር።

ባሕሩ ጋ እንሂድ። ኖቫ ኢካሪያ የሚባል ዳርቻ አለ፣ ከኦሎምፒኩ የጀልባ ወደብ አጠገብ። አሸዋው ላይ የእግር መንገድ ተነጥፏል፤ ጓደኛዬ በራሷ እጅ እየገፋች በእሱ ላይ ሄደች። መንገዱ ግን ውሃው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። ዊልቸር ገፍታችሁ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ የፊት ጎማዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ አሸዋ ላይ በገፋችኋቸው ቁጥር ይቀበራሉ። ያቺ የቀረችው እርምጃ ናት እንግዲህ፣ ስንቱን ሰው ዕድሜ ልኩን ባሕር ከሩቅ ሲያይ ያኖረችው።

እዚያ ላይ የከተማው ሠራተኞች ጠበቋት። አገልግሎቱ በነጻ ነው። ሌላ ወንበር አመጡላት፦ ጎማው እንደ ኳስ የተነፋ፣ ወፍራም፣ ክብደቱን አሸዋው ላይ ዘርግቶ የሚሄድ፤ ክንዶቹም የሚንሳፈፉ። በማንሻ አዛወሯት፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት አለበሷት፣ ገፏት።

«መጀመሪያ እግሬን ነካኝ» አለች፤ «ከዚያ ሆዴን። ከዚያ ወንበሩ ከመሬት ሲለቅ ተሰማኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ሰውነቴ ቀሎኝ አያውቅም ነበር።»

እኔ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ።

እሷ ግን እንባ እንባ የሚላት ሴት አይደለችም። ወዲያው ወደ ነቀፌታው ገባች። አገልግሎቱ ሰዓት አለው፣ ወቅት አለው። ያ ወንበር ደግሞ ያለ ገፊ አይንቀሳቀስም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ባሕሩ ለእሷ ይዘጋል። «ፀሐይ ስትጠልቅ መዋኘት አማረኝ፤ ሌላው ሁሉ ይዋኛል» አለችኝ። ግሪኮች በዚህ ሳይበልጡ አይቀሩም። በብዙ ዳርቻዎቻቸው ሲትራክ የሚባል የራሳቸው ፈጠራ አለ፦ ከዳርቻው ወደ ውሃው የሚወርድ ሐዲድ፣ በላዩ መቀመጫ፣ ኃይሉ ከፀሐይ። ሰውየው መቀመጫው ላይ ይሸጋገራል፣ ሪሞቱን ይጫናል፣ ውሃው ውስጥ ይገባል። ሲበቃው መልሶ ይጫናል። የማንንም ፊት አያይም።

ጓደኛዬ ያለ ገፊ አይሆንም ስትለኝ ሐዋሳ ትዝ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት መጥታ ሐይቁ ዳር ወደሚገኝ አንድ ሆቴል ወሰድኳት። ወደ ውሃው የሚያወርደው ደረጃ ነው፤ አሥራ አንድ። አስተናጋጆቹ ገና ሳንናገር ሮጠው መጡ፤ አራት ሆነው እንደ ሙሽራ ከነዊልቸሯ አንሥተው አወረዷት። ደግነታቸው አንጀት ይበላል። ጉርሻ ስሰጣቸው እምቢ አሉ። እኔም በአገሬ ሰው ኮራሁ።

ቀኑን ሙሉ ግን ጓደኛዬ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። ዓሣው መጣ፤ በላች። ለስላሳ ሲመጣ አሳለፈችው። ማታ መኪና ውስጥ ምክንያቱን ስጠይቃት፣ «ሽንት ቤቱ ያለው ከደረጃው በላይ ነው። ሽንቴ በመጣ ቁጥር አራት ወንድ ልጥራ?» አለችኝ።

እኔ ሐይቁን ስመለከት ስውል እሷ ደረጃውን ስትቆጥር ነው የዋለችው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ፣ በዊልቸር የሚሄደውም ጭምር፣ የሚገባበት እንዲኖረው ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ስንት ሆቴሎች ታውቃላችሁ? አንዳንዶቹ ራምፕ ሠርተዋል፤ ሠርተው ሲያበቁ አፉ ላይ የአበባ ማሰሮ አስቀምጠውበታል። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጓደኛዬ ለገና ትመጣለች፤ ላንጋኖ አማረኝ ብላለች። ትናንት ለሦስት ሎጆች ደወልኩ። «ችግር የለም፣ ልጆቹ ያግዟታል» አሉኝ ሦስቱም። የመታጠቢያ ቤት በራችሁ ስንት ሴንቲ ነው ስላቸው መልስ የሰጠኝ የለም። ሆቴልና ሎጅ ያላችሁ አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ አንድ ሜትር ይዛችሁ ውጡና በራችሁን ለኩ፤ ቁጥሩንም ስልክ ለሚያነሣው ሠራተኛ ጻፉለት። ነገ ደግሜ እደውላለሁ።