የእርድ ካፕሱልና የደም ሥራችን

የዛሬው ርዕሳችን እዚህ ካኩማ ገበያ "ማንጃኖ" ብለን ስለምንገዛው እርድ ነው። ስለ አልጫው አይደለም፤ አልጫችሁን ብሉ። የምናወራው ዘመድ ከውጭ አገር ስለሚልከው፣ "ኩርኩሚን" ስለተባለው ካፕሱል ነው።

ለዚህ ያነሳሳኝን ልንገራችሁ። ቤት ለቤት ስዞር አንዲት እናት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከላቸውን ብልቃጥ አሳዩኝ። ለጉልበታቸው ነው። እኔም "የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ምን ይጎዳል" ብዬ አለፍኩ። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ራስ ምታትና ማዞር ይዟቸዋል። ግፊታቸውን ስለካው 190 በ110! ለካስ ብልቃጡ ላይ የልብ ሥዕል ስላዩ የግፊቱን ኪኒን ትተውት ኖሯል። "ይኼ ለደም ሥርም ነው አሉኝ፤ ሁለት መድኃኒት ምን ያደርግልኛል ልጄ?" አሉኝ። ኪኒኑን መልሰው ጀምረው ዛሬ ደህና ናቸው፤ ይህን እንድናገርም ፈቅደውልኛል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን "የግፊት መድኃኒትዎንስ?" ብዬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር።

ስለ ካፕሱሉ የሚባለው ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ስንቆስል ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል። ይህ ብግነት ይባላል፤ ሰውነት ራሱን የሚከላከልበት መንገድ ነው። ችግር የሚሆነው በውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ሲቆይ ነው። ከፍተኛ ግፊት፣ የስኳር በሽታና ሲጋራ የደም ሥርን ውስጠኛ ስስ ሽፋን ያስቆጡታል። ይህ ሽፋን ጤነኛ ሲሆን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ እያመነጨ ሥሩን ያላላዋል፤ ደሙም እንደ ልቡ ያልፋል። ሲጎዳ ግን ሥሩ እየደደረ ይሄዳል፣ ስብም ይለጠፍበታል።

ኩርኩሚን ብግነትን የሚያባብሱ ኬሚካሎችን እንደሚቀንስ በላቦራቶሪ ታይቷል። በሰው ላይም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት የወር አበባቸው የተቋረጠ 32 ሴቶችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለ8 ሳምንት ተከታተለ። አንዱ ቡድን ኩርኩሚን ወሰደ፣ ሌላው የአካል እንቅስቃሴ አደረገ፣ ሦስተኛው ምንም አላደረገም። ኩርኩሚን የወሰዱት ሴቶች የደም ሥራቸው የመለጠጥ ችሎታ ተሻሻለ። እንቅስቃሴ ያደረጉትስ? እነሱም በዚያው ልክ ተሻሻለላቸው! እኔን የገረመኝ ይኸኛው ነው፤ ማለዳ ፀሐዩ ሳይበረታ ፈጠን ብሎ መራመድ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞም እንዲህ ያሉት ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን ለጥቂት ሳምንታት ያዩ ናቸው። ካፕሱሉ ስትሮክን ወይም ድንገተኛ የልብ ሕመምን እንደሚያስቀር አልተረጋገጠም። የግፊት ኪኒን ግን ይህን እንደሚያደርግ በብዙ ሺህ ሰዎች ላይ ተረጋግጧል።

ወጥ ውስጥ የምንጨምረው እርድ ሌላ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ 3 ግራም ያህል ቢመዝን፣ በውስጡ ያለው ኩርኩሚን አብዛኛውን ጊዜ 100 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም። አንድ ካፕሱል ግን ብዙ ጊዜ 500 ሚሊ ግራም ይይዛል። ኩርኩሚን ብቻውን ሲወሰድ አብዛኛው ወደ ደም ሳይገባ ስለሚወጣ፣ ፋብሪካዎች ከቁንዶ በርበሬ የሚገኘውን ፒፐሪን ይጨምሩበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት ይህ ወደ ደም የሚገባውን መጠን 20 እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ፒፐሪን የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ ለምሳሌ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይንን።

ጉበትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ የሆነ የአሜሪካ ጥናት ከእርድ ካፕሱል ጋር በተያያዘ ጉበታቸው የተጎዳ 10 ሰዎችን መዝግቧል፤ አንዱ ሞቷል። ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም፤ ቢሆንም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ሰውነታችሁን ካሳከካችሁ ካፕሱሉን አቁማችሁ በዚያኑ ቀን ክሊኒክ ኑ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የጉበት ሕመም ወይም የሐሞት ጠጠር ያለበት፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካፕሱሉን ባይጀምር ይሻላል። ደም ማነስ ያለበትም ይጠንቀቅ፤ ኩርኩሚን በብዛት ሲወሰድ ከምግብ የምናገኘውን ብረት ሊይዝብን ይችላል።

ብልቃጡ ቤታችሁ ካለ አትደብቁ፤ ማንም አይቆጣችሁም። ከምትወስዱት ኪኒን ሁሉ ጋር በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ኑና አብረን እንየው። የግፊት ኪኒን ግን ራስ ምታት ባይኖርም፣ "ደህና ነኝ" ብትሉም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይቆምም። ዘመድ ደውሎ "ምን ልላክላችሁ?" ካለም የግፊት መለኪያ ይላክ በሉት። አንዱ ለብዙ ጎረቤት ይበቃል፤ አጠቃቀሙን እኔ መጥቼ አሳያችኋለሁ። ቸር ሰንብቱ።