ጋዜጠኛው በዓሉ ግርማና የእኛ ደብተር
(አል አዚዚያ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ በቡድናችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

ስለ በዓሉ ግርማ ልናገር ነው ስል አንዷ «ለኛ ለቤት ሠራተኞች ጋዜጠኛ ምን ያደርግልናል?» አለችኝ። ደግ ጠየቀች።

በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ነው፤ አባቱ ህንዳዊ ነጋዴ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። አዲስ አበባ ጄኔራል ዊንጌት ተማረ፤ ከዩኒቨርሲቲ በኋላ አሜሪካ፣ ሚሺጋን ሄዶ ተምሯል። ሲመለስ መነን መጽሔትን፣ ኋላም አዲስ ዘመን ጋዜጣን በአዘጋጅነት መራ። ልብ ወለድም ይጽፍ ነበር። «ከአድማስ ባሻገር»ን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔን አሰልችቶኛል፤ አብዮቱን ማሞገስ ይበዛበታል።

በደርግ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ ሆነ። ልብ በሉ፣ የመንግሥት ሰው ነው፤ ዝም ብሎ ደሞዙን እየበላ መኖር ይችል ነበር። በ1974 ዓ.ም. የቀይ ኮከብ ዘመቻ ሲታወጅ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ ወደ አስመራ ተላከ። ያየውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» ብሎ አወጣው። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ነው፤ በቃ፣ አበቃለት እንደማለት። ዋናው ሰው ፀጋዬ ኃይለማርያም እንደ ደራሲው ጋዜጠኛ ነው። የባለሥልጣኖቹ ስም ቢለወጥም አንባቢ ማን ማን እንደሆነ ለየ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. አንድ ማታ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ቮልስዋገኑ በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆሞ ተገኘ፤ የእሱ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

አሁን ወደ ጥያቄው። በር ከተዘጋ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን የምናየው እኛ ነን። በፈረንጆች 2017 የወጣው የቀጠር የቤት ሠራተኞች ሕግ፣ ካልተስማማን በቀር የቀን ሥራ ከ10 ሰዓት አይበልጥም ይላል። ስንት ሰዓት እንደሠራን ግን ማን ጻፈው? እኔ ደሞዝ የተቀበልኩበትን ቀን ሁሉ በደብተር እይዛለሁ። የመጀመሪያዋ ማዳሜ «የሦስት ወር ከፍዬሻለሁ» ስትለኝ ደብተሬን አወጣሁ፤ የተቀበልኩት የሁለት ወር ነበር። ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ከፈለችኝ። እንደ በዓሉ ጠፍታችሁ ቅሩ ማለቴ አይደለም! ደብተሩን ደብቁት፤ በአማርኛ ጻፉት፣ ማዳም አታነበውም።

«ኦሮማይ» ያለን አንድ ቅጂ ብቻ ነው፣ ሽፋኑም ተገንጥሏል። የምትፈልጉ ከስብሰባው በኋላ ተመዝገቡ፣ በሁለት ሳምንት ይመለስ። በፈረንጆች 2025 በእንግሊዝኛም ወጥቷል፤ አብረዋችሁ ለሚሠሩ ፊሊፒኖዎች ንገሯቸው።