መክሊት በአርብቶ አደሩ መንደር



በዐቢይ ጾም ስድስተኛ እሑድ፣ በገብርኄር፣ የመክሊቱ ምሳሌ በጅጅጋ አብያተ ክርስቲያናትም ይነበባል። ሦስተኛው አገልጋይ አልሰረቀም፤ አላባከነም፤ ፈርቶ ቀበረ እንጂ። ወደ ጅጅጋ ተመድቦ የዝውውሩን ቀን ብቻ የሚቈጥር ባለሙያም ከዚህ ሰው እምብዛም አይርቅም።

ከጅጅጋ በተፈሪ በር በኩል ወሰኑን የተሻገረ መንገደኛ ቦረማን ያገኛል። እዚያ አናሌና ቶኔሊ የተባሉ ኢጣሊያዊት ካቶሊክ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን አስታመሙ። የተማሩት ሕግ ነበር፤ ሐኪም አልነበሩም (ለባለሙያዎች ጉባኤ ይህ ጥቂት የሚያሳፍር ነው)።

አርብቶ አደር ዝናብ የጣለበትን ሰምቶ ይነሣል፤ መድኃኒቱ ግን ወራትን ይጠይቃል። ሳሉ ሲቀልለት አቋርጦ የሄደ ሕመምተኛ ሕመሙ ያገረሽበታል፤ ተሕዋሲውም መድኃኒቱን ይለምዳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1976 በኬንያ፣ በዋጅር፣ ቶኔሊ በመሩት ሙከራ ሕሙማኑ በሕክምናው ስፍራ አጠገብ እንደ ልማዳቸው ጎጆ ቀልሰው ተቀመጡ፤ መድኃኒቱንም ለስድስት ወር በአስታማሚ ፊት ዋጡ። በአስታማሚ ፊት መዋጥን የዓለም ጤና ድርጅት ኋላ በብዙ አገሮች አስፋፋው። ጎጆውን ሐኪሙ አላመጣውም፤ የአርብቶ አደሩ የራሱ መክሊት ነበር።

በቦረማ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሕሙማኑ ሙስሊሞች ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ ማንንም አልጠየቁም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን የናንሰንን ሽልማት ሰጣቸው፤ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 ቀን በሆስፒታሉ ግቢ በጥይት ተገደሉ። ሆስፒታሉ አልተዘጋም።