በሥዕል ስለ ተተረኩ ታላላቅ መጻሕፍትና ስለ መምህር ድርሻ



መጽሐፍ ወዳድ ሰው በመደርደሪያው ላይ አዲስ መጽሐፍ ባኖረ ቁጥር ስለ ራሱ ጠባይ አንድ ምስክርነት ይሰጣል። ለምሳሌ ያህል በዚህ ዓመት ሦስት መጻሕፍትን በስብስቡ ላይ የጨመረ አንድ ሰው ይታሰብ። የመጀመሪያው በሥዕል የተተረከ፣ ዳር ዳሩ ያለቀ አሮጌና ቀጭን መጽሔት ነው። ሁለተኛው ያ መጽሔት የተቀዳበት ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከሌላ መጽሐፍ ያልተቀዳ፣ ከመነሻው በሥዕልና በቃል የተደረሰ ታሪክ ነው። ሦስቱን ጎን ለጎን ያየ እንግዳ፣ «ይህ የልጆች መጫወቻ ከታላላቆቹ መጻሕፍት መካከል ምን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይህ ጥያቄ ከተማሪው ደብተር ሥር የሥዕል መጽሔት ያገኘ መምህር ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የመጽሔቱን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1941 ዓ.ም. አልበርት ካንተር የተባለ፣ በሩሲያ ግዛት ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ ነጋዴ «ክላሲክ ኮሚክስ» የተሰኘ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ጊዜው የአሜሪካ ልጆች ኃይላቸው ከሰው በላይ በሆነ ጀግኖች ሥዕላዊ ታሪክ የተማረኩበት ጊዜ ነበር። ካንተርም ልጆቹ የሚወዱትን ከእጃቸው ከመንጠቅ ይልቅ፣ በዚያው በሚወዱት መንገድ ወደ ታላላቅ ደራስያን ሊመራቸው አሰበ። የመጀመሪያው እትም የአሌክሳንደር ዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች» ነበር። በ1947 የመጽሔቱ ስም ተለውጦ «ክላሲክስ ኢለስትሬትድ» ተባለ፤ የአሜሪካው ተከታታይ ኅትመት እስከ ቆመበት ጊዜ ድረስም 169 ቁጥሮች ወጡ። በዚያ ዘመን ሌሎቹ የሥዕል መጽሔቶች አንድ ጊዜ ታትመው ሲቀሩ፣ ይህኛው ደጋግሞ ይታተም ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሰብሳቢዎች አንዱን ኅትመት ከሌላው ለመለየት፣ በጀርባው ሽፋን ከተዘረዘሩት የሚሸጡ ቁጥሮች የመጨረሻውን ይመለከታሉ።

ነገር ግን መጽሔቱን ሁሉ ሰው አልወደደውም። በ1954 ፍሬድሪክ ወርተም የተባለ የአእምሮ ሐኪም የሥዕል መጽሔቶች ልጆችን ወደ ጥፋት ይመራሉ ሲል አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ የካንተርንም መጽሔት ከነቀፋው አላወጣውም። በዚያው ዓመት ጉዳዩ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ተመረመረ። ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ በ2012 ባሳተመችው ጥናት ወርተም ማስረጃውን በብዙ ቦታ እንዳዛባ አሳይታለች። ይሁን እንጂ የተቺው ማስረጃ ስለ ተዛባ የመምህሩ ሥጋት ከንቱ ነው ማለት አይደለም። መጽሔቱን አንብቦ ዋናውን መጽሐፍ እንዳነበበ አድርጎ ለመምህሩ የጻፈ ተማሪ በአሜሪካ ብዙ ነበረና።

የሥጋቱን ልክ ለማወቅ ከሰብሳቢው መጻሕፍት ሁለቱን ማነጻጸር ይበቃል። ቀጭኑ መጽሔት በ1942 የወጣው አምስተኛው ቁጥር «ሞቢ ዲክ» ነው፤ ወፍራሙም ኸርማን ሜልቪል በ1851 ያሳተመው ልብ ወለድ ነው። ልብ ወለዱ 135 ምዕራፎች አሉት። ሥዕሉ መርከቢቱን፣ እግረ ቆራጣውን ካፒቴን አሐብንና የነጩን ዓሣ ነባሪ ቁጣ በሚገባ ያሳያል። ነገር ግን ባለ ታሪኩ ስለ ዓሣ ነባሪ ተፈጥሮ የሚመራመርባቸው ብዙ ምዕራፎች፣ ስለ ነጭ ቀለም አስፈሪነት ብቻ የሚያወጣ የሚያወርድበትም ምዕራፍ፣ በሥዕል ሊያዙ አይችሉም። ሥዕሉ የሆነውን ነገር ያሳያል፤ የሆነው ነገር በሰው ልብ ውስጥ የሚያስነሣውን ሐሳብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይተወዋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ መምህር እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ክፍሎች፣ ብዙ ጊዜም በ44፣ ከነመግለጫ ጽሑፉ ሲሣል ኖሯል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ ጉዞውን፣ ግብሩን፣ የቀዳማዊ ምኒልክንም መወለድ ከሥዕሉ ይከታተላል። ክብረ ነገሥትን የገለጠ ሰው ግን ንግሥቲቱ ስለ ጥበብ የተናገረችውን ምስጋና ጭምር ያገኛል። ያን ምስጋና ሠዓሊ በቀለም ሊያሳየው አይችልም። ሆኖም ስለዚህ ሥዕሉን የናቀ የለም፤ ሥዕሉ ሰውን ወደ ታሪኩ ጠርቷልና።

እንግዲህ የሥዕል መጽሔት እንደ በር፣ ዋናው መጽሐፍ እንደ ቤት ይቈጠራል። ካንተርም ይህን ያውቅ ስለ ነበር፣ አንባቢው ዋናውን መጽሐፍ ከትምህርት ቤቱ ወይም ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ወስዶ እንዲያነብ የሚመክር ቃል በመጽሔቱ መጨረሻ ላይ ያትም ነበር። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን ቤተ መጻሕፍት የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማር ልጅ ይህን ምክር ምን ያደርገዋል? በሩን ቢከፍት የሚያገኘው ግድግዳ ነው። ያን ጊዜ ልጁ በሥዕሉ ላይ ቢቀር ጥፋቱ የልጁም የሥዕሉም አይደለም፤ መጽሐፉን ባላቀረቡለት ሰዎች ላይ ይወድቃል።

የሰብሳቢው ሦስተኛ መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። እርሱም የአርት ስፒገልማን «ማውስ» ነው። ናዚዎች በአይሁድ ላይ ካደረሱት እልቂት የተረፈው የደራሲው አባት ታሪክ፣ አይሁድን በአይጥ፣ ጀርመኖችን በድመት መስሎ፣ በ1986 እና በ1991 በሁለት ክፍል ታተመ፤ በ1992ም ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጠው። ከዚህ መጽሐፍ ሥዕሉን ቢቀንሱት ታሪኩ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ «ሥዕል ያለበት ሁሉ የልጅ ነው» የሚለው ፍርድ ችኩል ፍርድ ነው። በር የሆነ ሥዕል አለ፤ ራሱ ቤት የሆነም አለ። ሁለቱን ለይቶ ማሳየት የመምህር ሥራ ነው።

ከዚህም የተነሣ መጽሔቱን መቀማት ቀላል፣ ተከትሎ መሄድ ግን ከባድ መሆኑ ይታያል። ተማሪው መጽሔቱን ሲጨርስ፣ መምህሩ ከዋናው መጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ብቻ በክፍል ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብለት፤ ከዚያም «ሠዓሊው የተወው ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቀው። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሞከረ ልጅ የቀረውን ምዕራፍ ራሱ ይፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ በክፍሉ ውስጥ የዋናው መጽሐፍ አንድ ቅጂ መገኘቱ ነው። የትምህርት ቤት ኃላፊዎችም የመጽሐፍ መግዣ ሲመድቡ ያችን አንዲት ቅጂ አይርሷት።

ያ መጽሐፍ ወዳድ ቀጭኑን መጽሔት ከወፍራሙ መጽሐፍ አጠገብ ማኖሩ ያለ ምክንያት አይደለም። እጁን ወደ አንዱ የዘረጋ ልጅ ሁለተኛውን እንዲነካ ብሎ ነው። መደርደሪያው እንዲህ የተሰናዳለት ልጅ፣ ንባቡን በሥዕል ቢጀምር የሚጎዳው ነገር የለም።