በውርስ ገንዘብ ስለሚገዛ የኪራይ ቤት ለዕድሩ አባላት የተደረገ ንግግር



ውርስ የደረሳቸው አባሎች «ኮንዶሚኒየም ገዝቼ ላከራይና ቁጭ ብዬ ልብላ» እያሉ ምክር ይጠይቁናል። ሐሳቡን አንነቅፍም። ቁጭ ብሎ መብላት የሚባለው ነገር ግን የለም። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ተከራይ ወጥቶ ቤቱ ባዶውን ይከርማል፤ ግብሩ ግን አይቀርም።

ገንዘቡ በወራሾች መካከል ሳይከፋፈል ቤት አይገዛ። ወንድምና እህት በዚህ ሲካሰሱ አይተናል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ውሉ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ኪራይም እንዳሻን አንጨምርም። እንግዲህ ደላላው ያሰላላችሁን ሒሳብ እንደገና አስሉት።

ከሁሉ የሚያሳስበን ውክልናው ነው። ራቅ ብሎ የሚኖር ሰው ለዘመድ ሲወክል «እንዲያከራይና ኪራይ እንዲቀበል» ተብሎ ይጻፍ፤ ይበቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ጸሐፊው እንደ ልማዱ «እንዲሸጥ እንዲለውጥ» የምትለዋን ሲጨምራት ታዲያ ዝም አትበሉ፤ ቤቱ የሚሄደው በእሷ ነው። ሳይፈርሙ ረቂቁን ይዞ ለሚመጣ አባል እሑድ ከስብሰባ በኋላ አብረን እናነባለን።