ከሥራ መልስ ያለው ብርሃን



ፎቶግራፍ እወዳለሁ የሚል ሠራተኛ ሁሉ ቀጥሎ የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ ጊዜ የለኝም ይላል። እውነቱን ነው። ጠዋት 2፡30 ቢሮ ገብቶ 11፡30 የሚወጣ ሰው፣ የታክሲው ሰልፍ ሲታከልበት፣ ቤቱ የሚደርሰው መሽቶ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የዕድርና የለቅሶ፣ የሠርግና የልጆች ናቸው። ካሜራ አንግቶ የሚዞርበትን ነፃ ቀን የሚጠብቅ ሰው ዕድሜ ልኩን ሲጠብቅ ይኖራል። ስለዚህ ዛሬ ነፃ ቀን ፈልጉ አልላችሁም። ፎቶው ያለው በሥራ ቀኑ ውስጥ፣ ያውም በመንገዱ ላይ ነው። በዚህ የኮልፌ ቀራኒዮን ሰው የሚያህል ዕድለኛ የለም፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣውም ሆነ የምትጠልቀው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። ስቶክሆልም ያለ ወገናችን በታኅሣሥ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል፤ ካሜራው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ መሳቢያ ውስጥ ይከርማል። እኛ ግን ፀሐይ ቀደም ብላ በምትጠልቅበት በኅዳር እንኳ ከቢሮ ስንወጣ ግማሽ ሰዓት ያህል ብርሃን ይጠብቀናል። ያውም ዝቅ ያለው፣ ወርቃማው፣ ጥላ የሚያስረዝመው ብርሃን። ሆኖም ቶሎ ያልቃል፤ በእኛ አገር ፀሐይ የምትወርደው ቀጥ ብላ ነውና። ሻይ ጠጥቼ ልምጣ ያለ ሰው ሲመለስ አያገኘውም።

ክፍለ ከተማችን ደግሞ በከተማዋ ምዕራብ ነው። አብዛኞቻችን ጠዋት ወደ ሜክሲኮ፣ ወደ መርካቶ፣ ወደ ፒያሳ፣ ማለትም ወደ ምሥራቅ እንጓዛለን፤ ማታ ወደ አየር ጤና፣ ወደ ቤቴል፣ ወደ 18 ማዞሪያ እንመለሳለን። ስንሄድም ስንመለስም ፀሐይ ዓይናችን ውስጥ ናት። ሹፌሮች የሚያማርሩበት ይህ ነገር ለፎቶ አንሺ ሁለት ምርጫ ይሰጣል። የመጀመሪያው ፀሐይዋን ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው፤ በስልኩ ስክሪን ላይ ብሩሁን ሰማይ ስትነኩት ምስሉ ይጨልማል፣ ሰዉ ጥቁር ቅርጽ ይሆናል፣ ከታክሲው በር የተንጠለጠለው ወያላና የተነሣው አቧራ ብቻቸውን ይጎላሉ። ሁለተኛው ዞር ማለት ነው። ከኋላችሁ የሚመጣው ሰው ሁሉ ፊቱ በርቶ ታገኙታላችሁ፤ ትንሽ ዓይኑን ቢጨፍንም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጥቁር ቅርጽ ያምራል፣ ግን ማን እንደነበረ አይናገርም።

እኩለ ቀን ላይ፣ በተለይ ፀሐይ አናታችን ላይ በምትቆምባቸው በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ፣ ሜዳ ላይ ሰው አታንሱ፤ የቅንድቡ ጥላ ዓይኑን ይሸፍነዋል። የምሳ ሰዓት ፎቶ ቦታው በረንዳ ነው፣ የሱቅ ደጃፍ ነው። ክረምትን የሚጠሉ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ ይገርሙኛል። ደመናው ብርሃኑን አለስልሶ የሰው ፊት የሚያሳምረው ያን ጊዜ ነው።

ከእኛ በፊት ከሥራቸው ጎን ለጎን ፎቶ እያነሡ የኖሩ አሉ። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 ሸዋ ደርሶ ምኒልክን ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አገለገለ። ድልድይ ሠራ፣ በ1894 የባቡሩን ውል ተቀበለ፣ በውጭ ጉዳይም አማካሪ ሆነ። ሥራ በዛብኝ ማለት የሚገባው ሰው ነበር። የዚያን ዘመን ኢትዮጵያ የሚያሳዩት ፎቶዎቹ ግን ዛሬ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ።

ይበልጥ ለልባችሁ የሚቀርበው ሰው ግን ሚልተን ሮጎቪን ይመስለኛል። በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ ዓይን መርምሮ መነጽር የሚያዝ ባለሙያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1957 በፖለቲካ አመለካከቱ ተወንጅሎ ደንበኛ ሲሸሸው ካሜራ አነሣ። በ1972 ከሥራ ቦታው ብዙም ወዳልራቀው የድሆች ሰፈር ገብቶ ነዋሪዎቹን ማንሳት ጀመረ፤ ፎቶውንም ለባለቤቶቹ ይሰጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ በ1990ዎቹ፣ በመጨረሻም ከ90 ዓመቱ በኋላ ተመልሶ እነዚያኑ ሰዎች አነሣቸው። ሕፃኑ አባት ሆኖ፣ እናቲቱ አርጅታ። ሩቅ አገር ሄዶ ቢሆን ይህ አይሳካለትም ነበር፤ መመላለስ የሚችለው ቅርብ ያለ ሰው ነው።

ከእኛው ልጆች ግርማ በርታን አንሡ። ራሱን በራሱ ያስተማረ ነው፤ በስልኩ የአዲስ አበባን መንገደኞች አንሥቶ፣ ከጀርባቸው ያለውን ሁሉ አጥፍቶ፣ በአንድ ደማቅ ቀለም ላይ አቆማቸው። እ.ኤ.አ. በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ አሸነፈበት። ሥራውን አደንቃለሁ፤ ለእናንተ ግን ተቃራኒውን እመክራለሁ። ጀርባውን አታጥፉ! ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የከተማዋ መልክ በወራት ውስጥ ሲለወጥ አይታችኋል። የአጠና ተራ የተደረደረ ባሕር ዛፍ፣ የጭቃው ቤት፣ የቆርቆሮው አጥር፣ በእጅ የተጻፈው የሱቅ ማስታወቂያ፣ ሰውዬው ከጀርባው ይዟቸው የቆመው ነገር ሁሉ አብሮት ይግባ። «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተሰኘው ስብስብ የተሠራው ከየቤቱ አልበም በወጡ ፎቶዎች መሆኑን አስታውሱ። አንሺዎቹ ታሪክ እንመዘግባለን አላሉም።

ስለ ሥርዓት ጥቂት ልበል። ወታደራዊ ግቢና የፖሊስ ተቋም ባለበት ሌንስ አታንሡ፤ ጦር ኃይሎች አካባቢ ይህን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሰው ስታነሡ ጠይቁ። «እማማ፣ ፎቶ ባነሣዎ ይከፋዎታል?» ማለት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ «ተወኝ ልጄ» ካሉም አመስግኖ ማለፍ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን ሲቀብር የዜና ፎቶ አንሺዎች ሐዘኑን ማንሳት ግዴታቸው ነበር። እኛ ያ ግዴታ የለብንም። ካሜራን ዝቅ አድርጎ ሐዘንተኛውን ማጽናናት የሚችል ፎቶ አንሺ መሆን ትልቅ ነፃነት ነው።

ሌላው ነፃነት ከገንዘብ ነው። ጥሩ ታነሣለህ የተባለ ሁሉ ወዲያው «ለምን ሠርግ አትሠራበትም?» ይባላል። እንጀራ ካስፈለገ ሥራው የተከበረ ነው፤ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺዎቹ ቦያጂያኖች ከአባት ወደ ልጅ አውርሰውታል። ነገር ግን ከፋይ ሲመጣ የሚነሣውን የሚመርጠው ከፋዩ ነው። ቀኑን ሙሉ የአለቃ ትእዛዝ የሚፈጽም ሰው ማታ ሌላ አለቃ መቅጠር ለምን ይሻል? ደመወዛችሁ ከሌላ ሥራ መምጣቱ አጥር የሌለው ዓይን ሰጥቷችኋል፤ አትሽጡት።

ያነሣችሁትን ግን ስልክ ውስጥ አትቅበሩት። ስልክ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባዋል። በየወሩ ጥቂቱን መርጣችሁ ፎቶ ቤት አሳጥቡ፤ ሁለት ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ለተነሣው ሰው ስጡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እሱ ራሱ ይጠራችኋል። ሌላውን በፖስታ አድርጋችሁ ቀኑንና የሰፈሩን ስም በላዩ ጻፉ፤ ሠፈሩ ስሙን ሊቀይር ይችላልና በአቅራቢያው ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድም ጨምሩበት።

እዚህ ላብቃና ጥያቄያችሁን ልስማ።