ጎርን እንሽጠው ወይስ እናቆየው?

(በታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. ዋሽንግተን አካባቢ በተካሄደው የምሩቃን መሰባሰቢያ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ የትኛውን ሙያዬን እንደሆነ ለመጠየቅ አፍሬ እሺ አልኩ። ስታትስቲክስ ተምሬ፣ ስታትስቲክስ አስተምሬ፣ እዚህ ከተማ ደግሞ ብዙውን ዕድሜዬን ፓርኪንግ ውስጥ የሠራሁ ሰው ነኝ። ሁለቱን የሚያገናኝልኝ አንድ ነገር ብቻ ስላለ ስለሱ ላውራ፤ ስለ ዋሽንግተን ናሽናልስ የቤዝቦል ቡድን። ገና እየደረሰ ነውና በጨዋታ ወሬ የሚቆጣኝ አይኖርም። ዓመቶቹን በፈረንጅ እየቆጠርኩ ነው የምናገረው፤ ቡድኑ ባለ ፈረንጅ ነው።

ቡድኑ ከሞንትሪያል ወደዚህ የመጣው በ2005 ነው። መጀመሪያ አርኤፍኬ ስታዲየም ተጫወተ፣ በ2008 ደግሞ አናኮስቲያ ወንዝ ዳር ወደተሠራለት ሜዳ ገባ። እኔም በዚያው ዓመት ከስታዲየሙ ጥቂት ራቅ ብሎ ባለ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ገባሁ። የጨዋታ ቀን ቦታው ከሞላ በኋላ ሦስት ሰዓት ያህል ሥራ የለም፤ ያለው ሬዲዮ ብቻ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ የመታው ይሮጣል፤ ሌላውን ሁሉ ከሬዲዮ ነው የተማርኩት። በዓመት 162 ጨዋታ፣ የእያንዳንዷ ኳስ ነገር ተመዝግቦ! ተማሪ ሳለን እኮ ለአንድ ማሟያ ጽሑፍ አርባ ቁጥር ለማግኘት ስንት ቢሮ ደጅ እንጠና ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በ2019 ይህ ቡድን ከ50 ጨዋታ 31 ተሸንፎ ነበር። ሁሉም ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ተነስቶ ዋንጫውን በላ፤ ሂውስተንን 4 ለ 3፣ ያውም አራቱንም በሰው ሜዳ አሸንፎ። ያን ሌሊት ፓርኪንጉን ዘግቼ ብቻዬን ጨፍሬአለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን አንድም ዓመት ካሸነፈው ያልተሸነፈው አልበለጠም። በ2022 107 ጊዜ ተሸነፍን። በ2023ም በ2024ም 71 አሸነፍን፣ «እየተሻለን ነው» ስንል በ2025 ወደ 66 ወረድን። በሐምሌ ሥራ አስኪያጁንም አሠልጣኙንም በአንድ ቀን አሰናበቷቸው፤ ሪዞንና ማርቲኔዝን፣ ዋንጫውን ያመጡትን ሰዎች። አሁን ቡድኑን የያዘው ፖል ቶቦኒ የ35 ዓመት ሰው ነው። አሠልጣኙ ብሌክ ቡቴራ ደግሞ 33 ዓመቱ ነው፤ ከ1972 ወዲህ በዚህ ዕድሜ የተሾመ የለም። እኔ እሱን ዕድሜ ላይ ሳለሁ ዋይትቦርድ ላይ ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እነዚህ ልጆች ፊት የተደቀነው ትልቁ ጥያቄ ማኬንዚ ጎር ነው፤ በግራ እጁ የሚወረውር ፒቸር። በ2025 የመክፈቻ ቀን ፊላደልፊያ ላይ በስድስት ኢኒንግ 13 ሰው በስትራይክ አስወጣ፣ አንድ ሂት ብቻ ሰጠ። እሱ አርፎ ሌሎቹ ሲገቡ ጨዋታው ተበላሽቶ በአሥረኛው ኢኒንግ ተሸነፍን። የዓመቱን መዝገብ ብታዩት ግን 5 አሸነፈ፣ 15 ተሸነፈ ይላል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ ቢኖሩ ይህን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጽፌ «ይህ ቁጥር የማንን ሥራ ይለካል?» እላቸው ነበር። እርግጥ ከዓመቱ አጋማሽ ወዲህ እሱም ደክሟል፤ አልዋሽም።

ጎር ከዚህ ቡድን ጋር የሚቆይበት ግዴታ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። ከ2027 በኋላ ወደፈለገበት መሄድ ይችላል። ልጄ «ሁለት ዓመት ጠብቀው በነፃ ከሚሄድ አሁን ይሽጡት» ይለኛል። እኔ ደግሞ «አንድ ሰው ባገኘን ቁጥር እየሸጥን እስከ መቼ!» እያልኩ ከመስከረም ጀምሮ ስንከራከር ከረምን። ሁዋን ሶቶን አስታውሱ። የ15 ዓመት የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል አልቀበልም ሲል በ2022 ወደ ሳንዲዬጎ ሸጡት። አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም። በምትኩ ከመጡት መሃል ግን አንዱ ይኸው ጎር ነው፣ አንዱ ኤብራምስ ነው፣ አንዱ ጄምስ ዉድ ነው። ያቆየነውስ? ስትራስበርግን ከዋንጫው በኋላ በ245 ሚሊዮን ዶላር አስፈርመነው፣ በጉዳት ምክንያት ከዚያ በኋላ የወረወረው ስምንት ጨዋታ ነው። ማንም ጥፋተኛ አይደለም፤ ትከሻ ነው።

ልጄ «በነፃ ከሚሄድ» ያለኝ ቀን ግን መልስ አጣሁ። በነፃ የሄደ ሰው ስለማውቅ ነው።

በ1991 ዓ.ም. ለዶክትሬት ስላክ ዲፓርትመንታችን ሦስት ኮርስ የሚይዝልኝ ሰው አልነበረውም። የያኔው የዲፓርትመንት ኃላፊያችን የኔን ኮርሶች በራሳቸው ላይ ደርበው «ሂድ፣ ቶሎ ተመለስ» አሉኝ። ዛሬ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ስምዎን አልጠራም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ዋስ ሆኖ ፈረመልኝ። ትምህርቱን አልጨረስኩም፣ አልተመለስኩም። ጓደኛዬ ከደሞዙ ላይ በየወሩ ይቆረጥበት እንደነበር የሰማሁት ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ሰው በኩል ነው፤ እሱማ አንድም ቀን አልነገረኝም። ገንዘቡን በኋላ መለስኩለት። ዲፓርትመንቱ ግን በኔ ምትክ ያገኘው ነገር የለም። ፒቸር ሲሸጥ ቢያንስ ሦስት አራት ልጅ ይመጣል። እኔ ስሄድ አንድ ባዶ ወንበርና አንድ ባለዕዳ ጓደኛ ነው የቀረው። ጋሼም ያን ኮርስ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንዳስተማሩት ዛሬ እራት ላይ ነገሩኝ፤ እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

ስለዚህ በዚህ ክርክር ልጄ አሸንፎኛል፤ ጎርን ይሽጡት ባይ ሆኛለሁ። ግን በርካሽ አይደለም፤ በምትኩም በብዛት ፒቸር ይምጣ። አምና እኛን የገደለን ውርወራ ነው። ሾርትስቶፕማ ሞልቶናል። ኤብራምስ አለ፣ በሐምሌ ደግሞ ኢላይ ዊሊትስን በአንደኛ ምርጫ አመጡት፤ ገና 17 ዓመቱ ነበር። እሱ እስኪደርስ ጥቂት ዓመት ይፈጃል፣ አይቸኩሉበት።

ዉድን የሚነካ ካለ ግን እኔም ስታዲየሙን አልረግጥም። ሁለት ሜትር የሚሆን ልጅ ነው፣ አምና 31 ሆም ረን መታ። በሰኔ አንድ ጨዋታ ላይ ተቃራኒዎቹ ፈርተውት አራት ጊዜ ሆን ብለው በእግሩ ሰደዱት፤ ከባሪ ቦንድስ ወዲህ በማንም ያልተደረገ ነው። 221 ጊዜ በስትራይክ መውጣቱንም አውቃለሁ። ያንን ማረም የአዲሱ አሠልጣኝ የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት። ዲላን ክሩስም አምና በጉዳትና በድካም አለፈ እንጂ በአንድ ዓመት ቁጥር አይፈረድበትም፤ ናሙናው ትንሽ ነው።

ቶቦኒ በዚህ ወር ፌረር የተባለውን ዘግይቶ የሚገባ ፒቸር ለሲያትል ሰጥቶ ሃሪ ፎርድ የሚባል ወጣት ካቸር ተቀብሏል። እኔ ወድጄዋለሁ። ለሚሸነፍ ቡድን የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚዘጋ ሰው ምን ያደርግለታል? የሚዘጋው ነገር ሲኖር ይፈለጋል። ልጄ ግን በዚህኛው አይስማማም፤ ከፌረር በኋላ ማን ሊወረውር ነው ይላል። እውነቱን ነው፣ እኔም መልስ የለኝም።

በመጪው ዓመት ስንት ያሸንፋሉ ብትሉኝ 68 ነው ግምቴ፤ ጎር ከሄደ 65። ከ75 ካለፉ በሚቀጥለው መሰባሰቢያ ራት በኔ ነው። ፓርኪንጉን ከተውኩት ወዲህ ከልጄ ጋር በሦስተኛው ቤዝ በኩል ሁለት ወንበር ይዘናል፣ ለመጪውም ከፍለናል። እሱ ማክሰኞ ማክሰኞ ሥራ ላይ ነው። ጋሼ እስከ ሚያዝያ እዚህ ከቆዩ የማክሰኞው ወንበር የእርስዎ ነው፤ መኪናውን የት እንደምናቆም እኔ አውቃለሁ።